ፏፏቴ የተፈለገበት ጉብታ

የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ በውሃ አይታማም። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ከመውረጃው ወጥቶ የፎገራን ሜዳ ይሞላዋል፤ ሩዙ እስኪበቃው ይጠጣል፣ ከብቱ ሆዱ ድረስ ይዘፈቃል፣ ሰውም በየደጃፉ ቆሞ ውሃው እስኪሄድለት ይጠብቃል። ስለዚህ ከውሃ መብራት ሊወጣ ነው የሚል ወሬ የመጣ ዕለት መበለቲቱ እማዋይሽ አልገረማትም። ይህን ያህል ውሃ ይህን ያህል ዘመን ሥራ ፈቶ መተኛቱ ድሮም ነውር ነበር አለች።

መብራቱ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ማንም አልካደም። ሩዙ ከዓመት ዓመት ይበዛል፤ መፈልፈያው ግን ወረታ ከተማ ነው። ስልክ የሚሞላውም ወረታ ነው። ሰው በባጃጅ ሄዶ ስልኩን አስሞልቶ ይመለስና፣ በደህና ገባሁ ለማለት ይደውልበታል፤ ደውሎ ሳይጨርስ ያልቅበታል። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ሰፊ እርሻና ሰፊ ሐሳብ ያለው አያ መንግሥቴ ሆነ። የሴት ልጁን ክርስትና ያነሳችለት እማዋይሽም ከኮሚቴው ገባች።

ከወረታ የተላከው ባለሙያ እንዳልካቸው ባለ ሦስት እግር መለኪያውን ተሸክሞ ሜዳውን ሲያካልል ሰነበተ። ትሑት ልጅ ነበር። በመጨረሻ ሰውን ሰብስቦ፣ ውሃ መብራት የሚሰጠው ስለበዛ ሳይሆን ከከፍታ ሲወድቅ መሆኑን፣ የፎገራ ውሃ ግን እንደማይወድቅ፣ እንዲያው እንደሚተኛ አስረዳ። ሰዉ በጥሞና አዳመጠና፣ ታዲያ እንዲወድቅ ምን እናድርግለት ብሎ ጠየቀው።

በአካባቢው ከፍ ያለ ቦታ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ሲሆን፣ እሱን መሪጌታ ይርጋለም በታቦት ቦታ ሞተር አይጮህም ብለው ገና ነገሩ ሳይነሣ ዘጉት። ሁለተኛው የእማዋይሽ ቤት የተሠራበት ጉብታ ነው። የአያ መንግሥቴ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ውሃው በመስኖ ሞተር ተስቦ ጉብታው ላይ ይወጣል፣ እዚያ በኩሬ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ይወድቃል።

እንዳልካቸው ሞተሮቹ የሚበሉት ነዳጅ ከሚገኘው መብራት እንደሚበልጥ በለሆሳስ ተናገረ።

«ላምም ሳትበላ አትታለብም» አለው አያ መንግሥቴ።

ልጁ ለዚህ መልስ ነበረው። ግን ለየቀበሌው አንድ አንድ ቦታ በዕቅድ ስለተያዘ፣ ቦታ አጣሁ ብሎ መመለስ አልቻለም። «ይታያል» አለ። በዚያ አገር ታላቅ ሰው ፊት «ይታያል» ያለ እሺ እንዳለ ይቆጠራል።

ኩሬው የሚያርፈው ልክ እማዋይሽ ቤት ላይ ነበር። ሙሽራ ሆና የገባችበት፣ ባሏንም አስታማ የሸኘችበት ቤት ነው። ከዚያ ቤት መውጣት የሚባል ነገር በሐሳቧ አድሮ አያውቅም። በቁሐር ልማድ ደግሞ አንድ የኮሚቴ ሰው ቅር ካለው ነገሩ አይቆረጥም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ገዛ ቤቱ ቅር ቢለው አይቆጠርለትም። አድሎ ነዋ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ጉብታው ላይ ተሰበሰበ። እማዋይሽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉብታዋን ማሳነስ ጀመረች። ይህ እኮ እብጠት እንጂ ከፍታ አይደለም አለች።

«አምና ተራራዬ ስትዪ አልነበረም ወይ?» አላት አያ መንግሥቴ።

«ስሙን ማሳመሬ ነው እንጂ። ልጄ እንዳልካቸው፣ እስቲ ለካውና ንገራቸው።»

እንዳልካቸው ለካ። ከአንድ ሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል፤ ከዚህ የሚወድቅ ውሃ አንድ አምፖል ቢያበራ ትልቅ ነገር ነው አለ።

«ሰው ከገዛ ቁመቱ ወድቆ ይሰበር የለ?» አለ አያ መንግሥቴ። «ውሃስ ከሰው በምን ይለያል?»

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ጎርፍ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ከብቱን እየነዳ የሚሸሸው ወደዚህ ጉብታ ነው። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቦታው በከብት ኮቴ እንዳይሟሽሽ አንድ እንቅብ አፈር ተሸክሞ መጥቶ ይደፋል። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። እንግዲህ ጉብታው የተሠራው በሕዝብ አፈር ነው፤ የእማዋይሽ ቤት የቆመው በሰው አፈር ላይ ነው ማለት ነው።

ሰዉ ይህን ሲሰማ እርስ በርሱ ተያየ። እውነት ነበር። እማዋይሽም እውነት መሆኑን አየችና ነጠላዋን አጣፋች።

«እንግዲያው ሁላችሁም አፈራችሁን ውሰዱ። ቤቴን ግን እንዳትነኩ፤ እሱ የባሌ ነው።»

ፍትሐዊ ነገር ስለነበር ማንም መቃወም አልቻለም። ሰው እንቅቡን አምጥቶ ተሰለፈ። ችግሩ የማን አፈር የት እንዳለ ነው። የቅድመ አያት አፈር ከታች፣ የአምናው ከላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መውሰድ ያለበት አምና መጨረሻ ላይ የመጣው ጎረቤቷ ደብሬ ነው ተባለ። የአያ መንግሥቴ አያት አፈር ደግሞ ከሥር ነው፤ እሱ ሌላው ሁሉ እስኪያነሳ መጠበቅ አለበት። ደብሬ አንድ እንቅብ ሞላና ተሸክሞ ቁልቁል ወረደ። ከግማሽ መንገድ ቆመ፤ አሰበ፤ ተመልሶ መጣና ደፋው። በሚመጣው ክረምት ላሜ በዚህችው ልክ ዝቅ ብላ ልትቆም ነው አለ።

ፍርድ እንዲሰጡ መሪጌታ ይርጋለም ተጠየቁ።

«አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ የሚለውን አንብቤያለሁ» አሉ። «አፈር ወደ ባለቤቱ ይመለስ የሚል ግን አላጋጠመኝም።»

እንዳልካቸው በዚህ መሐል እጁን አወጣና፣ አፈሩ ከተነሣ ከፍታ የሚባል ነገር እንደማይኖር አሳሰበ። አያ መንግሥቴ ደስ አለው። አፈሩ ይቅር፣ ቤቱ ይነሣ፤ ለእማዋይሽ ሜዳው ላይ ሌላ ይሠራላታል አለ።

«ጎርፍ ሲመጣ ወዴት ልሽሽ?»

«ወደ ጉብታው ነዋ።»

«ጉብታው ላይ ምን ይኖራል?»

«ፏፏቴ።»

«ከውሃ ሸሽተን ፏፏቴ ሥር ልንጠለል ነው?»

ስለ እማዋይሽ ቤት ያልተጨነቀው ሁሉ አሁን ከብቱን አሰበ። የፎገራ ላም ውሃ አትፈራም፤ ግን ክረምቱን ሙሉ ውሃ በላይዋ ሲወርድባት ወተት ትሰጣለች የሚል ሰው አልተገኘም። የጉብታው ነገር በዚሁ ወደቀ።

መብራቱ ግን አልቀረም፤ አዲስ ጉብታ ይደልደል ተባለ። እንዳልካቸው ወንዙ አጠገብ ቢሆን ይሻላል ብሎ መለኪያውን አቆመ፤ በመነጽሩ ሲያይ ቆየና ጣቱን ቀሰረ። የአያ መንግሥቴ ግቢ ነበር።

አያ መንግሥቴ ቦታው ረግረግ መሆኑን ተናገረ። ሙሽራይቱን ያስገባበት ቤት እንደሆነም ተናገረ። እናቱን ያስታመመበት እንደሆነም ጨመረ። ግን ስለ ገዛ ቤቱ ስለሆነ አልተቆጠረለትም። ቅር ያለው ካለ ይናገር ተባለ። ማንም አልተነፈሰም፤ ደብሬ እንዲያውም ፈገግ አለ።

እማዋይሽም ፈገግ ልትል ነበር። ወዲያው ግን አንድ ነገር መጣባት። ቤቱ የፈረሰበት ሰው አዲሱ እስኪሠራለት የሚያድረው የት ነው? ልጁን ክርስትና ካነሳችለት ሴት ቤት። ያውም ከፍ ባለ ቦታ። አያ መንግሥቴ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ በሬዎቹን፣ ሐሳቡንም ይዞ ይመጣል፤ ኮሚቴው ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ይቀመጣል። ኮሚቴ ደግሞ ሥራ ጨርሶ አያውቅም።

«እኔ ቅር ብሎኛል» አለች።

የአያ መንግሥቴን ዓይን እንባ ሞላው። «አንቺ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ሰው ከቤቱ አይውጣ» አለች አጥብቃ። «በተለይ አንተ።»

ነገሩ አልተቆረጠም። ሰዉ ነጠላውን እያራገፈ ተነሣ፤ አያ መንግሥቴም እጇን ሊስም እየታገለ ተሸኘ። እንዳልካቸው ብቻ መለኪያውን አጥፎ ደጃፏ ላይ ቆሞ ቀረ። ወረታ ሲመለስ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጨንቆት ነበር። ቦታ የለም እንዳይል ሁለት ተገኝቷል፤ አለ እንዳይል ሁለቱም ሰው አለባቸው።

እማዋይሽ አዘነችለት። ጎንበስ ብላ የበሩን መወርወሪያ እያነሳች፣ ገብቶ እህል እንዲቀምስ በእጇ ጠራችው።

«ሕዝቡ ተስማምቶ ነበር በላቸው» አለችው። «ውሃው ነው እንቢ ያለ።»

እንዳልካቸው ጥቂት አሰበበት። እስካሁን ከተባለው ሁሉ ለሙያው የሚቀርበው ይህ ነበር።