የፓኮው ሰውዬ

ሹፌሩ ፊቱን በሲጋራ ፓኮ ላይ ያየ ዕለት ምንም አልተሰማውም።

ያሳየው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ዳቦ ሊገዛ ጎራ ቢል፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንድ ፓኮ አንስቶ አንዴ ፓኮውን፣ አንዴ እሱን ሲያይ ቆየና «ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለው።

ፎቶው የፓኮውን ከግማሽ በላይ ይዞታል። ሹፌሩ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ወለል ብሎ ይታያል። ከሥሩ በደማቁ «ትምባሆ የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል» የሚል ተጽፎበታል።

ሹፌሩ ሌባ ጣቱን አንስቶ አንገቱ ላይ ያለውን ፋሻ ጫን አደረገና «ነኝ» አለ። ካልደፈነው ድምፅ አይወጣውም። ሐኪሞቹ ማንቁርቱን ቆርጠው ካወጡት ወዲህ የሚተነፍሰው በዚያው ቀዳዳ ነው፤ የሚናገረውም እሱን ደፍኖ፣ ትንፋሹን እንደምንም ወደ አፉ አዙሮ ነው። ድምፁ ውኃ እንደገባበት ራዲዮ ይሻክራል።

ዳቦውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፎቶውን ማን እንዳነሳው አልጠፋውም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ከጤና ቢሮ አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት የሕግ ባለሙያ ፎቶ አንሺ አስከትላ መጥታ ነበር። አዲሱ ደንብ ማስጠንቀቂያው በሥዕል እንዲሆን እንደሚያዝዝ፣ ከውጭ አገር ሥዕል ከመዋስ የራስ ሰው ቢሆን እንደሚሻል አስረድታ ፈቃዱን ጠየቀችው። ያኔ በአፍንጫውም በክንዱም ቱቦ ተሰክቶበት ስለነበር፣ ተነስተህ ጨፍር ቢሉትም እሺ ከማለት አይመለስም ነበር። እሺ አለ።

ዕድሜውን የጨረሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ግራ ክንዱ መስኮቱ ላይ፣ ሲጋራው በጣቶቹ መሀል፤ አንዱን ከአንዱ እየለኮሰ። ተሳፋሪ ሲቆጣው «መስኮቱ ክፍት ነው» ይል ነበር። አሁን የሚቆጣው ሰውም፣ እሱን የሚያስቆጣው ነገርም የለም። በአፍንጫው አየር ስለማያልፍ ሽታ ጠፍቶበታል፤ ከሽታው ጋር የምግቡ ጣዕም ሄደ፤ ከጣዕሙ ጋር ደግሞ ስሙን የማያውቀው ሌላ ነገርም አብሮ ሄደ። የወንድሙ ልጅ ስትመረቅ ሁሉም ሲያለቅስ እሱ የወንበሩን እግር ሲያይ ነበር። መራራ አይደለም፣ አይከፋም፣ ብቻ ምንም ነገር አይደርስበትም።

ሰፈሩ ግን ጉድ አለ። በሳምንቱ ስሙ ተቀይሮ «ፓኮ» ሆነ። ጋራዥ ያለው የድሮ ጓደኛው ሲያገኘው «ዝነኛው መጣ! በየሰው ኪስ ገብተህ ትዞራለህ፣ እኛ ግን ሰላም ስንልህ አትሰማም» እያለ ጀርባውን ይመታዋል። አጫሾቹ ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ቆመው «የሰውዬውን አልፈልግም፣ የሕፃኑን ስጠኝ» ይላሉ፤ በሌላኛው ፓኮ ላይ ያለው በማሞቂያ ውስጥ የተኛ ሕፃን ነው። ባለሱቁ የሰውዬው ፓኮ እየተመለሰ እንዳስቸገረው ሲነግረው ሹፌሩ «ይቅርታ» አለ።

የከፋት ሚስቱ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የተቀደደ ዚፕ። ፓኮውን ያየች ቀን የስፌት መኪናዋን አቁማ «የሠርጋችን ፎቶ አንዲት ነበረች፣ እሷኑም ውኃ በላት» አለች። «ይሄኛው ደግሞ በሚሊዮን ታተመ።» ከዚያ ወዲህ ሱቅ በሄደች ቁጥር፣ ባለሱቁ ዞር ሲል፣ ፓኮዎቹን አንድ በአንድ በሆዳቸው ትደፋቸዋለች።

ሲጋራ የምትባል ነገር ደጃፏን እንዳትረግጥ የማለችው እሷው ናት። መተርኮሻውን ሰብራ ጥላዋለች፣ መጋረጃውን አውርዳ ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። እስክሪብቶው ግን ሌላ ነገር ነው።

እስክሪብቶውን ያመጣችው ልጃቸው ናት። አባቷ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሌሊት እየተነሳ ቤቱን ሲዞር፣ ባዶ ጣቶቹን ወደ ከንፈሩ ሲያነሳ አይታ አላስችላት ቢል፣ የጆሮ ማዳመጫና የስልክ መሸፈኛ ከሚሸጥ ሱቅ ገብታ ሲጋራን የሚያስረሳ ነገር ጠየቀች። ሻጩ «ይሄ ሲጋራ አይደለም፤ ቅጠል የለው፣ እሳት የለው፣ ጭስ የለው። እንፋሎት ነው» አላት። እሷም ያንኑ ቃል በቃል ለእናቷ ነገረች። እናትየው አገላብጣ አየችው፤ እስክሪብቶ ይመስላል፤ አሸተተችው፤ ናና ናና ይላል። «ይሄማ ምን አለበት» አለች። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶው ከመድኃኒቶቹ ጎን ቦታ ተሰጠው። ስልኳን ስትሰካ እሱንም አብራ ትሰካዋለች። ሹፌሩ አንገቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ያገናኘውና ይስበዋል። ናና ይሁን ናፍጣ ለእሱ ያው ነው።

ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን «ሲጋራ አቆምክ?» ይለዋል። «አቁሜያለሁ» ይላል። እውነቱን ነው።

እንዲህ እያለ ሳለ መነጽር ያደረገችው የሕግ ባለሙያ አንድ ጠዋት በራቸውን አንኳኳች። አዲስ አዋጅ ሊወጣ ነው። የድሮው ሕግ የትምባሆ ምርት የሚለው ከትምባሆ ቅጠል የተሠራ፣ የሚጨስ፣ የሚታኘክ፣ የሚመጠጥ ወይም የሚሸተት ነገርን ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ ዕቃዎች በዚያ ቀዳዳ ሾልከው በየስልክ ሱቁ ይቸበቸባሉ።

«ትርጉሙን ማስፋት እንፈልጋለን፣ አባቴ» አለች። «የዕቃዎቹ አስመጪዎችም ጠበቃ ይዘው ይመጣሉ። እርስዎ አዋጁን የሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ቀርበው የደረሰብዎትን ቢናገሩ ከኔ መቶ ገጽ ይበልጣል። ያጨሳሉ አሁን?»

«አላጨስም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይመጣሉ?»

«እሺ» አለ።

ሚስቱ የኮቱን እጅጌ አሳጥራ አዘጋጀችው። «እኔም እሄዳለሁ» አለች፤ ሄደችም።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በየሰው ፊት ድምፅ ማጉያና የታሸገ ውኃ። የግድግዳው ማቀዝቀዣ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ ባልዲ ተደቅኗል። ሰብሳቢው ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የአስመጪዎቹ ጠበቃ ሽክ ያለና ትሁት ሰው ነው፤ ሹፌሩ ሲገባ ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ስቦለታል፣ የውኃውን ክዳንም ከፍቶለታል።

ክርክሩ የተጀመረው በጭስ ነው። ጠበቃው «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ጭስ ማለት አንድ ነገር ሲቃጠል የሚወጣ ነው» አለ። «እዚህ የሚቃጠል ነገር የለም። ፈሳሽ ይሞቃል፣ እንፋሎት ይወጣል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ደግሞ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው፤ የትምባሆ ቅጠል በዓይኑም አላየ። እንፋሎት ስላለው ብቻ ትምባሆ ነው ካልን፣ ቤታችሁ ያለውም ካውያ ትምባሆ ሊባል ነው።»

ሰው ሳቀ።

«ካውያ ሱስ አያስይዝም» አለች የሕግ ባለሙያዋ። «ካውያ በእንጆሪ ጣዕም ተሠርቶ ለተማሪ አይሸጥም። ከቅጠሉም ይምጣ ከቤተ ሙከራ፣ ኒኮቲን ያለበት ሁሉ በሕጉ ይታቀፍ ነው የምንለው።»

ከጉምሩክ የመጣው ሰው ተጠየቀ። «እኛ ጋ የሚገባው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው፤ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር» ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ የሹፌሩ ተራ ሆነ። ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አለ። ስንት ዓመት እንዳጨሰ፣ ድምፁ መቼ መጎርነን እንደጀመረ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለው፣ ሁሉንም እንደ አውቶቡስ ፌርማታ በተራ በተራ ጠራው። አንዲት የኮሚቴ አባል ዓይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች። ሹፌሩ ባልዲውን እያየ ነበር።

«በጣም እናዝናለን» አሉ ሰብሳቢው። «አሁንስ አቆሙ?»

«አቁሜያለሁ።»

«እንኳን ደስ አለዎት። ከባድ ነው ይባላል። እንዴት ቻሉት?»

ሹፌሩ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና እስክሪብቶውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየው። ሚስቱ ከኋላ ሆና፣ ያልገባቸው መስሏት፣ «እስክሪብቶው ነው» አለች።

ጠበቃው ብድግ አለ፤ ፊቱ በርቷል። «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ እኔ ምስክር አላመጣሁም፤ ምስክሩን ያመጡልኝ እነሱ ናቸው! እኚህ አባት ከሲጋራ የወጡት በዚህ ነው። ይህን ነው እንከልክል የሚሉት?»

የሕግ ባለሙያዋ ፊት አመድ መሰለ። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያም ወደ ጠበቃው ዞረች። «ጥሩ። ከሱስ ያላቅቃል ካላችሁ መድኃኒት ነው ማለታችሁ ነው። መድኃኒት ከሆነ መመዝገብ አለበት። ተመዝግቧል? በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ጥናቱ የታለ?»

«መድኃኒት ነው አላልንም» አለ ጠበቃው ቶሎ።

«ታዲያ አሁን ምን አሉ?»

«ዕቃው ለአዋቂ ተጠቃሚ የሚቀርብ ሸቀጥ ነው። እኚህ አባት ለምን እንደሚጠቀሙበት የራሳቸው ጉዳይ ነው። ድርጅቶቹ በዚህ አይጠየቁም።» ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩንም ከሹፌሩ ትንሽ ፈቀቅ አደረገው።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ትክ ብለው አዩት። «ትምባሆ አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም፤ የጆሮ ማዳመጫም እንዳልሆነ ይታያል። ለእርስዎስ ምንድነው?»

«እንጃ» አለ ሹፌሩ። «ሲጋራውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እጄና ደረቴ አላቆሙም።»

«ጣዕሙ ምንድነው?»

«ናና ነው ይላሉ። እኔ አይሸተኝም።»

ሰብሳቢው አመስግነው ወደ ጣዕም አንቀጽ አለፉ። ሹፌሩ እስክሪብቶውን አንስቶ ኪሱ ከተተ።

የሕግ ባለሙያዋ ኮሪደር ላይ ደረሰችበት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ ልጄ። ያጨሳሉ ወይ ነው ያልሽኝ።»

ልትቆጣ ጀምራ ተወችው። ግድግዳውን ተደግፋ «እውነትዎን ነው» አለች። «ቀይሩ የምለውን የድሮውን ቃል ይዤ ነው የጠየቅኩዎት።» ከዚያ የፎቶውን ነገር አነሳች፤ አለቆቿ አሁንማ እሱን ይዘው መቀጠላቸው ያጠራጥራል፤ በሚቀጥለው ኅትመት በሌላ ሳይተካ አይቀርም።

«እሺ» አለ።

ታክሲ ውስጥ ሚስቱ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ ወደ እሱ ሳትዞር፣ «ለካ ስታጨስ ነው የኖርከው?» አለች።

«እንጃ።»

«እኔ ነኛ የምሰካልህ። በየማታው። በእጄ።»

እንባዋ ወረደ። እሷ ስታለቅስ ድሮ ሆዱ ይላወስ እንደነበር ያስታውሳል፤ አሁንም ይላወስ እንደሆን ጠበቀ። አልተላወሰም። እጇን ያዘላት። ይህ የሚደረግ ነገር መሆኑን ያውቃል።

አዋጁ ከወራት በኋላ ጸደቀ። ከየትም ይምጣ ኒኮቲን ያለበት ሁሉ በሕጉ ታቀፈ፤ ጣዕም ተከለከለ፤ የስልክ ሱቆች መሸጥ አቆሙ። ፓኮው ላይ በሹፌሩ ቦታ እግሩ የተቆረጠ ሌላ ሰው ወጣ። ባለሱቁ ይህን ሲነግረው ሹፌሩ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሚስቱ እስክሪብቶውን አልነጠቀችውም። መሰካቱን ብቻ ተወች። ልጃቸውም እየፈራች መጣች፤ የእስክሪብቶው ፈሳሽ ከገበያ ጠፍቷል፣ በድብቅ የሚሸጡትን ደግሞ አላመነቻቸውም። «አባዬ፣ ወደ ሲጋራው እንዳትመለስብኝ» አለችው። «አልመለስም» አላት፤ ይመለስ አይመለስ ግን አያውቅም ነበር።

ፈሳሹ አልቆበትም ጥቂት ቀን ደህና ሰነበተ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለው። ላብ አጠመቀው፣ ጥርሱን ያንቀጫቅጭ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ዩኒፎርም ስትሰፋ የመኪናዋ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ይበጣጥሰው ጀመር። ታክ ታክ ታክ። እንዲህ ያለ ነገር ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ደርሶበት አያውቅም። ብድግ አለ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ሁለት እጁን አየር ላይ እያወናጨፈ አፉን ከፍቶ ጮኸ። ቀዳዳውን መድፈን ስለረሳ የወጣው አየር ብቻ ነው፤ ጎማ የተነፈሰ ይመስል ፉሽሽ አለ።

ሚስቱ መኪናዋን አቁማ አየችው። ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሳቋ አመለጣት።

«መጀመሪያ ድፈነው» አለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ድፈነውና እንደ ሰው ስደበኝ።»

ጣቱን አንስቶ ደፈነው። ተቆጥቶ ነበር፤ ከልቡ ተቆጥቶ ነበር፤ ልቡ ድው ድው ሲል ይሰማዋል። ሊላት የነበረው ስድብ ግን ጠፋበት። ቆሞ ሲፈልገው ቆየና፣ እሷ ዩኒፎርሙን ከጭኗ አንስታ ቦታ ስታደርግለት አጠገቧ ተቀመጠ።