ካንዴላ በእንግሊዝኛ

ባሌ ጎሳዬ አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ጋራዥ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጣን ወዲህ ግን የነካው ሞተር ቢኖር የኔ አሮጌ ኮሮላ ብቻ ነው። ሥራው ዌርሃውስ ካርቶን ማንሳት ነው። ወገቡ አልቋል። ሐኪሙ "ማንሳት ካላቆምክ ኦፕራሲዮን ነው" ብሎታል። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የማጠልቅለት እኔ ነኝ። እኔስ ብትሉ፣ ነርሲንግ ሆም አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሽማግሌ ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ ነው የምገባው፤ ያውም በዚያ በኮቪድ ጊዜ፣ ግማሹ ሠራተኛ ቤቱ ተቀምጦ። ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ወሬ "ውይ ወገቤ" ብቻ ነበር። እሱ ሲጀምረው እኔ እጨርሰዋለሁ።

ታዲያ ለምን መካኒክነቱን አልያዘም አትሉም? ቋንቋ ነዋ! የሱ ደግሞ የሚብሰው፣ የሚያውቅ መስሎት ነበር። የመጣን ዓመት አንድ ጋራዥ ኮል አደረገና በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛው "ካንዴላ እቀይራለሁ፣ ፍሪሲዮን እሠራለሁ፣ ቴስታታ አወርዳለሁ" ይለዋል። ሰውዬው "ምን?" ይላል። ጎሳዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ካንዴላ! ካንዴላ!" ሲል ሰውዬው ስልኩን ዘጋበት። ጎሳዬ ስልኩን እያየ "ይሄ ሰውዬ መካኒክ አይደለም እንዴ? ካንዴላ አያውቅም!" አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ ነው ብሎ የያዘው ሁሉ ጣልያንኛ መሆኑን ያወቅነው ያን ዕለት ነው። ለካ ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረዋ ካንዴላ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም አላት። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አፈር በበላሁ! እሱ አልሳቀም፤ ከዚያ ወዲያም ወደ ጋራዥ ደውሎ አያውቅም።

በ2021፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ቢሩክ መጣ። ቢሩክ የቸርቻችን ልጅ ነው፤ ባንክ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ሚስት የሌለው፣ ፍቅሩን ሁሉ ለአንድ ጥቁር ሙስታንግ የሰጠ። ሱፐርቻርጀር የሚባል ዕቃ አዝዞ መጥቶለታል። ለማያውቅ ሰው፣ ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጦ አየር በግድ የሚያጎርሰው ማሽን ነው። መኪናው ያለሱም ይበርራል፤ ምን ጎደለው ብትሉኝ እኔ አላውቅም። ጋራዥ ቢወስደው ባለቤቱ፣ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ፣ "ሠራተኛ አጥቻለሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ና" አለው። ቢሩክም "እኔ ሰው አለኝ። ቤቱ ይግጠመው፣ አንተ መጥተህ እየው፣ ከወደድከው ቅጠረው" ብሎ ተዋዋለልን። ሬይ ተስማማ።

"ጋሽ ጎሳዬ፣ ሬይ ከዚህ ካርቶን ማንሳት እኮ ሊገላግልህ ነው" አለ ቢሩክ።

ጎሳዬ የመኪናውን ኮፈን ከፈተው። ፊቱን ብታዩት! ከመጣን በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

አራት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብን። "ብን" የምለው ያለምክንያት አይደለም። መመሪያው ሰባ ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ያነብበዋል? ከሺፍት ወጥቼ፣ እግሬ አብጦ፣ የቀለም ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ማንበብ ሆነ። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ፣ እሱ አማርኛውን ወደ ጣልያንኛ።

"ቀበቶውን አጥብቅ ይላል።"

"የምን ቀበቶ? ሱሪ ነው እንዴ የምሠራው? ቺንጋ በይኝ!"

"እኔ የት አውቄ! ራስህ አንብበው ታዲያ!"

እንዲህ እየተነጫነጭን ሠራን። እሱ ግን ሲሠራ ሌላ ሰው ነው። የላይኛውን አካል አውርዶ የሞተሩን ስምንት ቀዳዳ በንጹህ ጨርቅ ሲጠቀጥቅ፣ አንዱ እንኳ ውስጥ እንዳይቀር፣ ስምንት ከትቶ ስምንት ማውጣቱን እኔን አስቆጠረኝ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ እየተመላለሰ፣ በመለኪያ ቁልፍ አጠበቀ። ሱፐርቻርጀሩን ያነሳነው ሁለታችን ነን፤ ነርሲንግ ሆም ሰው በምናነሳበት ዘዴ፣ ጉልበት አጥፈን፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለን። ቦታው ላይ ልክ ብሎ ሲቀመጥ ጎሳዬ ላቡን ጠርጎ "ጌታ ይመስገን" አለ። እኔ ደክሞኝ አሜን እንኳ አላልኩም።

እንግሊዝኛውንም አስጠናሁት። ነጭ ፕላስተር ቆርጬ በየዕቃው ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩለት። ካንዴላው ላይ ስፓርክ ፕለግ፣ ቺንጋው ላይ ቤልት። ዌርሃውስ ካርቶን እያነሳ "ስፓርክ ፕለግ፣ ስፓርክ ፕለግ" ሲል አለቃው ዞር ብሎ እንዳየው ነገረኝ። ያን ጊዜ አብረን ሳቅን።

ሬይ የሚመጣበት ቅዳሜ ጠዋት ጎሳዬ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ላጣቸው። "ልጅ ነኝ እንዴ? ያስቅብኛል" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ፋናዬ፣ ዛሬ እንዳትናገሪልኝ። ቢሰበርም ቢጎብጥም ራሴ ልናገር።"

"እሺ።"

"ማይልኝ።"

"አንተ ደግሞ! ጴንጤ ይምላል እንዴ?"

"እንግዲያው ዝም አይነቅዝም፣ ዝም በይ" አለኝ። እሺ አልኩት ደግሜ።

ሬይ ማስኩን አድርጎ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ከቢሩክ ጋር መጣ። እኔም ማስኬን አደረግኩ፤ ጎሳዬ ግን ያፍነኛል ብሎ ተወው። የመኪናውን ኮምፒውተር ቢሩክ ቀደም ብሎ አስተካክሎት ስለነበር ጎሳዬ ሞተሩን አስነሳው። ያ ፉጨት የመሰለ ድምፅ የቤታችንን ጋራዥ ሞላው። ምንም አልተንኳኳም፣ የተንጠባጠበ ነገር የለም። ሬይ ባትሪውን እያበራ ሩብ ሰዓት ያህል ዞረው፤ ከሥር አየው፣ ቱቦዎቹን በጣቱ ነካ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፣ የመውደድ መነቅነቅ። እኔ በሆዴ "ጌታ ሆይ፣ አደራህን" እላለሁ።

ሞተሩ ሲጠፋ ሬይ ካንዴላዎቹ ያሉበትን ጠቆመና ጎሳዬን "እነዚህን የትኛውን ዓይነት አደረግክ? ለምን?" ብሎ ጠየቀው፣ ቀስ ብሎ፣ በደግ አነጋገር።

ጎሳዬ አየው። አንድ ሰከንድ። ሁለት ሰከንድ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቃሉ እየመጣ ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ እየመጣ ነበር።

ሥራ ቦታ ማንኪያ ይዞ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይ አያስችለኝም፤ ማንኪያውን ቀምቼ አጎርሳለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ስንቴ ተቆጥታኛለች! "ራሳቸው ይብሉ፣ ታገሺ" ትላለች። አልታገሥኩም። አፌን ከፈትኩና "አየሩ ሲበዛ ሙቀቱ ስለሚጨምር ፋብሪካው ካደረገው ይልቅ ቀዝቀዝ ያለውን ስፓርክ ፕለግ አደረገ" አልኩት፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ሬይ ወደኔ ዞረ። ስለ ቤልቱ ጠየቀ፣ መለስኩ። ስለ ማቀዝቀዣው ውሃ ጠየቀ፣ መለስኩ። ሰባ ሁለቱን ገጽ አንብቤ የለ! ጎሳዬን ለማዳን ነበር እኮ፤ ሚስት ባሏ ሲዋረድ ቆማ ታያለች እንዴ? ስጨርስ ጎሳዬ ከንፈሩን ገጥሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሬይ ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ ለኔ ነው። "ሥራው ከኔ ሠራተኞች ሥራ የጠራ መሆኑን ንገሪው። ግን ሰዎቼ በተነሳ መኪና ሥር ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ወዲያው መመለስ አለበት። ሳይግባቡ ሰው ይጎዳብኛል። አንቺ ግን… ፊት ለፊት ዴስኩ ላይ ስልክ የሚያነሳ፣ ዕቃ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። መቼ ትጀምሪያለሽ?"

ቢሩክ ፊቱን አዞረ።

"ምን አለ?" አለ ጎሳዬ።

"ሥራህ ከሁሉም የጠራ ነው አለ።"

"ሌላስ?"

"ያስብበታል… ይደውላል።"

"ፋናዬ።" ድምፁ ቀስ ያለ ነው። "'ዩ' ሲል ጣቱን ወዳንቺ ነው የጠቆመው። እሷን ቃል እንኳ አላጣትም።"

ነገርኩት። እየነገርኩት እንባዬ ማስኬ ውስጥ ገባ። "ትንሽ ብታገሥ ኖሮ! የኔ ጥፋት ነው፣ አልፈልግም እለዋለሁ፣ አሁኑኑ እለዋለሁ" አልኩ።

"እሺ በይው።"

"አልልም!"

"እሺ በይው አልኩሽ" አለ። አልተቆጣም፤ ምነው በተቆጣ። "ከሁለታችን የአንዳችን ወገብ እንኳ ይዳን።"

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩና ለሬይ "የስ" አልኩት። ሬይ እጁን ወደኔ ሲዘረጋ ጎሳዬ ቀደመኝና በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ቴንኪው፣ ሰር" አለው። ያን ቀን ከአፉ የወጣው እንግሊዝኛ ይሄ ብቻ ነው።