ወይዘሮዋ አልነሳ አለች

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ እንደ ልማዱ ተነሳ፤ መኪናዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሲስተር መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በግራ በኩል ተንበርክካ ያደረችው መኪና፣ ጉልበቷን ይዛ እንደምትነሳ ከባድ ሴት፣ ቀስ ብላ ቀና ትላለች። ዛሬ ድምፁ የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ በዚያው ቀረ። ከአጥሩ በላይ ሰማዩ ገርጥቷል። ከማዶ ያለችው፣ ሰፈሩ "ሬዲዮ" የሚላት ጎረቤት ደጇን ልትጠርግ ብቅ የምትልበት ሰዓት ደርሷል።

"ተነሺ እንጂ፣ አታዋርጂኝ" አለቻት መኪናዋን።

ምንም። ሲስተር ሞተሩን አጠፋች፤ የግቢውን በር ሳትከፍት ወደ ቤት ተመለሰች።

መኪናዋ ጥቁርና ረጅም ናት፤ የቆዳ ወንበሮቿ እንደ አሮጌ ቦርሳ ተሸብሽበዋል፤ በዘመኗ ሚኒስትር የምታስቀና ነበረች። የገዛት ባሏ ነው። ባሏ መንገድ ቀያሽ ነበር፤ ገና መንገድ ባልሆነ መንገድ ላይ በሥራ መኪና ሲንገላታ ኖሮ ወገቡ ያለቀ ሰው። ጡረታ ሲወጣ፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ነጋዴ ላይ ያኔም አሮጊት የነበረችውን መኪና በርካሽ ገዛትና "ወይዘሮዋ" ብሎ ስም አወጣላት። እግሮቿ እንደ ሌላው መኪና በብረት ሞላ የቆሙ አይደሉም፤ በጎማ ከረጢት ውስጥ በታመቀ አየር ላይ ነው የምትሄደው። "ለሌላው መንገድ ስጠርግ ኖሬያለሁ፣ እኔ ደግሞ እስቲ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ሰው ልሂድ" ይል ነበር።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀብሩ ያለፈ ሰሞን፣ ሲስተር ጓዳ ሆና ሳሎን ከተቀመጡት አንደኛዋ ለሌላዋ ስትናገር ሰማች፦ "እንግዲህ ይሄም ቤት ወደቀ በይው።" ማን እንደተናገረችው ዛሬም አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ የወይዘሮዋ የፊት ግራ እግር አየር ማፍሰስ ጀመረ። ማታ ቀጥ ብላ የቆመችው መኪና ጠዋት አፍንጫዋ መሬት ሊነካ ደርሶ ትገኛለች። ሲስተር ዕድሜዋን በማዋለጃ ክፍል የጨረሰች ነርስ ናት፤ ማለዳ መነሳት አይከብዳትም። ሰው ሳይነቃ ትነሳለች፣ ሞተሩን ታስነሳለች፣ መኪናዋ ቀና ስትል የግቢውን በር ወለል አድርጋ ትከፍታለች። አላፊ አግዳሚው የቆመች መኪና ያያል። ከዚያ የምትሄድበት ስለሌላት ሞተሩን አጥፍታ ትገባለች።

ዛሬ በሩ ተዘግቶ አረፈደ። ሲስተር መካኒኩ ጋ ደወለች።

መካኒኩን ደንበኞቹ "ዶክተሩ" ይሉታል። ሲገባ ገና ከበሩ፣ መኪናዋን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

"እንዴት አደሩ ሲስተር?"

"እኔስ ደህና ነኝ። በሽተኛዋን እያት።"

"ሲስተር እያለች ዶክተር ከተጠራ ነገሩ ጠንቷል ማለት ነው።"

መኪናዋን በክሪክ አነሳት፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባና የሳሙና ውሃ እግሯ ላይ ረጨ። አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ አንድ ነገር ነካ፤ አሸተተው። ሲወጣ ፊቱ ቀልዱን ትቷል።

"ይቺን መኪና በቀን ስንቴ ነው የሚያስነሷት?"

"አንዴ። ጠዋት ጠዋት።"

"የት ሊሄዱባት?"

ሲስተር የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረች። "የትም።"

"እና ምን ሊያደርጓት?"

"ተደፍታ እንዳትታይ ነዋ።"

ዶክተሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። "የገደላት እሱ ነው። እግሯ ቀዳዳ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በየማለዳው በግድ ቀና በይ ይሏታል። ኮምፕሬሰሩ፣ አየር የሚነፋላት ማለቴ ነው፣ ቀዳዳ ሲነፋ ከርሞ ተቃጠለ። ተኝታ ትደር ብለው ቢተዋት ኖሮ እግር ብቻ ነበር የምንቀይረው።"

ሲስተር ሳቅ አመለጣት፤ ደስ የማይል ሳቅ። "ስንቷን ወላድ 'ተኚ፣ አትነሺ' ብዬ የተቆጣሁ ሴት ነኝ እኮ።"

"እርስዎንማ ማን ይቆጣ?" አለ ዶክተሩ። ለቀልድ ነበር ያለው፤ ሲስተር ግን ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።

ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ የሄዱት በእሱ ፒካፕ ነው። ፒካፑ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሲስተር ከወንበሩ ትነጥራለች፤ የበሩን እጀታ አጥብቃ ይዛ ጥርሷን ነከሰች። መንገዱ እንዲህ መሆኑን አታውቅም ነበር። በወይዘሮዋ ሲሄዱበት ለስላሳ ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ተደርድሯል፤ ጎማና ግራሶ ይሸታል። ባለሱቁ ስልኩን ጆሮና ትከሻው መሃል ሰክቶ በሁለት እጁ ዕቃ ያወርዳል። ዶክተሩ የመኪናዋን ዓይነት ሲነግረው ስልኩን ዘጋ።

"የእሷ የአየር አሞርዛተር፣ እግሯን ማለትህ ነው? ማዘር፣ ይሄ ነው ዋናው፣ ከነፋብሪካው እሽግ።" ዋጋውን ነገራት።

"የዓመት ጡረታዬን ነው እኮ የጠራኸው!"

"የዚች መኪና ባለቤት ዋጋ አይጠይቅም ብዬ ነዋ።"

"ዋጋ የማይጠይቀው ሸጧት ሄዷል። የምጠይቀዋ ባለቤት እኔ ነኝ።"

ባለሱቁ ከልቡ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስተካከለ። አንዱን መልሶ ሌላ አወረደ፤ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አሞርዛተር። "ይሄ ቅጂ ነው፣ ግን አዲስ። ዋጋው የዋናው ሩቡ።" ሲስተር መነጽሯን አደረገች። የጎማውን እጥፋት በሁለት አውራ ጣቷ ለቀቅ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ የጎማ ጓንት ስታጠልቅ ኖራለች፤ ያረጀ ጎማ እጥፋቱ ውስጥ እንደ ደረቅ ከንፈር ሲሰነጠቅ ታውቃለች።

"ይሄ መስኮት ላይ ስንት ጊዜ ቆየ?"

"አዲስ ነው ማዘር! ከካርቶኑ ነው ያወጣሁት።"

"አዲሱስ ካርቶኑ ነው። ና እየው፣ እዚህ ጋ።"

ባለሱቁ አየው። ጭንቅላቱን አከከና "እርስዎን ሠራተኛ አድርጌ ብቀጥርዎ አተርፋለሁ" አለ።

"ያገለገለስ?" አለ ዶክተሩ።

"ከተፈታታች መኪና የወጣ አለ። የእርስዎዋ እኩያ ናት።"

"እኩያዋ ምን ያደርግላታል?" አለች ሲስተር። "ተያይዘው ሊያቃስቱ ነው?"

በመጨረሻ ባለሱቁ እንደገና ስለታደሰው ዓይነት ነገራት። የብረቱ አካል የራሱ የፋብሪካው ነው፤ ጎማውና ማሰሪያ ቀለበቶቹ ብቻ በዚህ ዓመት ምርት ተቀይረዋል። የዓመት ዋስትና አለው፤ ዋጋው ከቅጂው ትንሽ ነው የሚበልጠው፤ አሮጌዎቹን መመለስ ግን ግድ ነው። ችግሩ አሁን በእጁ የለም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚገባው።

ዶክተሩ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ፈቀቅ አደረጋት። ጥግ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ የብረት ሞላ ቆሟል።

"ሲስተር፣ እኔን ከሰሙኝ ይሄ ይግባ። አየሩም ይቅር፣ ኮምፕሬሰሩም ይቅር። ከሁሉም ይረክሳል፣ ዛሬውኑ እገጥመዋለሁ። ከእንግዲህ አትወድቅም። ማለዳ መነሳትዎም ይቀራል፤ ክረምት ከበጋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።"

ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሲስተር ሞላውን በመዳፏ ነካችው። ስትመኘው የከረመችው ይኸው፣ ከጥግ ቆሟል። ነገ በሩን ብትከፍት፣ ከዚያ ወዲያም ሁልጊዜ ብትከፍት፣ ሬዲዮ የቆመች መኪና ታያለች።

"አካሄዷስ?"

"ትንሽ ይደነድናል። ውሸት አልነግርዎትም፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ታሳውቅዎታለች።"

የመጨረሻዎቹን ወራት ባሏን ወደ ሆስፒታል የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ያኔ አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ ያስጮኸው ነበር። መኪናዋ ውስጥ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ሲደርሱ "ደረስን እንዴ?" ይላታል። አንድ ቀን ደርሰው "ደረስን እንዴ?" አላላትም፤ እንቅልፍ ወስዶት ነው ብላ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀችው። ነርስ ሆና፣ ማወቅ ሲኖርባት፣ ሳትነካው ጠበቀችው።

"ልስላሴውን ነው የሚያስቡት?" አለ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሳቸው ቢኖሩ እሺ፣ ይገባኛል። አሁን ግን ይህ ሁሉ ልስላሴ ለማን ነው?"

ክፋት አልነበረበትም። እንደ ዋጋው ሁሉ፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። ሲስተር መልስ ፈለገች። ለልጄ እንዳትል ልጇ ባሕር ማዶ ናት። ለእንግዳ እንዳትል በዚያ መኪና እንግዳ ተቀምጦ አያውቅም። ወገቧ በፒካፑ ከነጠረችበት ጊዜ ጀምሮ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛታል።

"ለእኔ" አለች።

ዶክተሩ በትክክል የሰማ አልመሰለውም።

"ለእኔ ነው። እኔም ወገብ አለኝ" አለችና ወደ ባለሱቁ ዞረች። "የታደሰውን እዘዝልኝ። የፊቱን ጥንድ። እንዲህ ዓይነት ጎማ ይዘህ ብትመጣ ግን አልቀበልህም።"

ቀብድ ከፈለች። ሲመለሱ ዶክተሩ ኮምፕሬሰሩን ራሱ ፈቶ እንደሚጠግነው ነገራት። ከበሩ ሲያወርዳት መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ሁለት ሳምንት ተደፍታ ነው የምትቆየው እንግዲህ። እንዳያስነሷት።"

"ሰምቻለሁ።"

"ቁልፉን ልውሰደው?"

"ሂድ ወዲያ!" አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ፒካፑ ከታጠፈ በኋላ ግን የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረችው።

ማምሻውን ልጇ ደወለች። ሲስተር ስልኩን ይዛ ባሏ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ትይዩ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?"

ልጅቷ ወሬ የምትጀምረው በመኪናዋ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ "እንዴት ነሽ" ብሎ መልሱን ከመስማት ይህ ይቀላታል።

"ደህና ናት፣ ቆማለች።"

"ሽጫት አልኩሽ እኮ። ትንሽዬ፣ የማታስቸግር እንገዛልሻለን። ለምን ትለፊያለሽ?"

"ምን እለፋለሁ? ተቀምጬ!"

"ከሰውስ ትገናኛለሽ? ጎረቤቶችሽ ይመጣሉ?"

"ይመጣሉ፣ ምን ይሆናሉ" አለች ሲስተር። ከዚያ ስለ ልጅቷ አገር ብርድ አወሩ። ብርዱ ሲያልቅ ተሰነባበቱ።

በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ በለመደችው ሰዓት ዓይኗ ተገለጠ። እግሯ በራሱ ጫማዋን ፈልጎ አጠለቀ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስታ ግቢው ውስጥ ስትደርስ ነው የነቃችው። ወይዘሮዋ ግንባሯን ደፍታ ተኝታለች። ሲስተር ኮፈኑ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ቀዝቅዟል። አንድ ጊዜ ብቻ ብትሞክራት? ምናልባት ትነሳ ይሆናል። ካልሆነም በሩን ዘግታ ሁለት ሳምንት መቀመጥ ይቻላል፤ ማን ይጠይቃታል?

ማን ይጠይቃታል። ቆማ ይህንኑ ደጋግማ አሰበችው።

ቁልፉን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችና የግቢውን በር መቀርቀሪያ ሳበች። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተች። ከዚያ ሮጠሽ ግቢ ግቢ የሚላትን ነገር እምቢ ብላ፣ ከተደፋችው መኪና አጠገብ፣ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ከማዶ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ አቆመ። ሬዲዮ መጥረጊያዋን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ በሩ ላይ ቆመች።

"ሲስተር! ምነው፣ ዛሬ አልሄድሽም?"

"የት?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ሁልጊዜ ገና ሳይነጋ ሞተርሽን እሰማለሁ፤ ልጠርግ ስወጣ ደግሞ በርሽ ተከፍቶ መኪናሽ ቆማለች፣ ደርሳ ተመለሰች እላለሁ። ሆስፒታሉ አሁንም አለቀቃትም፣ ምጥ ሲጠና ይጠሯታል፣ እላለሁ። ለሰዉም ሁሉ እንደዚያ ነው የምናገረው።" መጥረጊያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ስንት ቀን መሰለሽ ብቅ ብዬ ልያት ብዬ ተነስቼ፣ ደግሞ ሥራ ያለባትን ሰው ለምን ላስቸግራት ብዬ የተመለስኩት።"

ሲስተር ሁለት ዓመት ያህል በየማለዳው በገዛ እጇ ቁልፍ ስታዞር፣ በገዛ ደጇ የሚመጣን ሰው ስትመልስ ኖራለች።

ሬዲዮ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። "ውይ! መኪናሽ ምን ሆና ነው?"

"ወድቃለች።"

"ዛሬ?"

"አይ፣ ከወደቀችስ ቆየች። ሳትነቁ እያነሳኋት ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ሰው የለሽም እንዴ?"

ጥያቄው በሩ ላይ ቆመ፤ ሬዲዮም አብራው። ሲስተር ሥራ አለኝ ልትል ትችል ነበር፤ ሬዲዮም ታምናት ነበር።

አላለችም። ከጎኗ ያለውን አቧራ በመዳፏ ጠረገችና ደረጃው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።