ከታች የታየው ጠብታ

ዘመነች ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላብራቶሪ ስትሠራ የያዛት ልማድ ጡረታ ከወጣችም በኋላ አልለቀቃትም፤ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች።

ቀራንዮ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ ከባለቤቷ ከጉልላት አልጋ ጎን፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ የዓሣ ገንዳ አለ። ጉልላት ስትሮክ አንደበቱንና ግማሽ አካሉን ከወሰደበት ወዲህ ዓይኑ ከገንዳው አይነቀልም። አልጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃውን የሚያየው ከታች ነው። ሰላጣ የሚመስሉት ተንሳፋፊ ተክሎች ለእሱ ከብርሃን የተንጠለጠለ ነጭ የሥር ጢም ናቸው፤ ጥቃቅኖቹ ዓሦች በጢሙ መሃል ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጥላ ይዋኛል፤ ጉልላትም ከነአልጋው የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ያስተውል እንደሆነ ግን ዘመነች አታውቅም። ሐኪሙም "በትዕግሥት ይከታተሉት" ብሎ ነበር የሸኛት። እሷም ትከታተላለች። ከኅዳር ወዲህ ደብተሯ ላይ ሁለት ክፉ ነገሮች ይመላለሳሉ። ተክሎቹ ከመሃላቸው እየበሰበሱ ይሞታሉ፤ ከአሥራ አንዱ የቀሩት ሁለት ናቸው። የጉልላት ቀኝ ሌባ ጣት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ልብሱን ነካ ያደርግና ቆም ይላል፣ እንደገና ነካ።

ተክሎቹን ያመጣችላት፣ ሳያት የምትባለው የጎረቤቷ ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ውሃው ስንት ጊዜ ተመረመረ?"

"አራት ጊዜ። ክሎሩ እንዲወጣ ሁለት ቀን ጀሪካን ውስጥ ሳላሳድር አልጨምርም።"

"እኔ እንኳ እንደዚህ ተመርምሬ አላውቅም። ይጣሏቸውና አዲስ ላምጣልዎት።"

"ምን እንደገደላቸው ሳላውቅ ሌሎቹን ላስገድል?"

"ቅጠል እኮ ነው።"

"ላንቺ ነው ቅጠል። እሱ ሌላ የሚያየው የለውም።"

ሳያት ስትሄድ ዘመነች ጥፍሩን ልትቆርጥለት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወገቧ ደከማትና እጁን እንደያዘች ጭንቅላቷን ትራሱ ዳር ጣል አደረገች። ገንዳውን ከዚህ ቦታ አይታው አታውቅም። ሥሮቹ በቀስታ ይወዛወዛሉ። ጊዜው ራሱ የቆመ መሰላት።

ጣቱ መዳፏን ነካት። ወዲያው አንዱ የሥር ጢም ተንቀጠቀጠ።

ቀና ብላ አየች። ከጎን የሚሠራው ፎቅ የሲሚንቶ አቧራ እንዳይገባ በኅዳር ራሷ ገንዳውን የከደነችበት መስታወት ከሥሩ አልቦታል። ውሃው ሞቃት፣ ንጋቱ ብርድ። ጤዛው ይጠራቀማል፣ ያብጣል፣ የተክሉ እምብርት ላይ ይወድቃል። ነካ። ሌላ ጠብታ። ነካ። እስከ ሃያ ድረስ ቆጠረች። ሃያ ጠብታ፣ ሃያ ንክኪ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ጣቱ ጠብታውን ቀደመው፤ ሊወድቅ መድረሱን አይቷል ማለት ነው።

ሁለት ወር ሙሉ እሱ ሲነግራት እሷ "መንቀጥቀጥ" እያለች ስትጽፍ ኖራለች።

ተነሥታ ከመስታወቱ በአንዱ ጠርዝ ሥር ሁለት ቆርኪ አስገባች። መስታወቱ አዘመመ፤ ላቡ ተንሸራቶ በጥጉ ወረደ። በተክሎቹ መሃል ዝናቡ አባራ። የጉልላት ጣትም ቆመ።

ደብተሯን አወጣችና "መንቀጥቀጥ" የሚለውን ቃል በየገጹ እየፈለገች ሰረዘችው። ከዚያ የጣቱ ጸጥታ አስፈራት። ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ከጣቱ ሥር አደረገች።

"ጉልዬ፣ ሌላስ ምን አየህ?"

ጣቱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ነካት።