ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው ሬዲዮ

በሰማንያ ስድስት ዓ.ም. ሀና ማርያም፣ እኛ መንደር፣ መብራት ገና አልገባም ነበር። ሬዲዮ የምንሰማው በባትሪ ድንጋይ ነው። እኔ የምከታተለው ዝግጅት ሲያልቅ ድንጋዮቹን አውጥቼ አስቀምጣለሁ። በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የምንዋሰነው እትዬ ወርቄ ግን ሬዲዮ መዝጋት የሚባል ነገር አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ ባዶ ቤት ውስጥ ይለፈልፋል።

አንድ ቀን ጠሩኝ። «ወጋየሁ፣ ና እስቲ እየው፤ ድምፁ ታነቀብኝ።»

ጀርባውን ከፈትኩት። ሁለቱ ድንጋዮች አዲስ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ አልቀው፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሞቀው የተመለሱ። አሮጌዎቹ አብጠው ፈስሰዋል፤ ሽቦውን ዝገት በልቶታል። በቢላ ፋቅኩት፣ በጨርቅ ጠረግኩት።

«ሌላ ጊዜ እንዲህ ከፈሰሰ አበቃለት፣ እትዬ። ያለቁትን የት ነው የሚጥሏቸው?»

«ምን እጥላለሁ? ጓሮዬን አሳምሬባቸዋለሁ!»

እውነትም የጎመን መደባቸውን ዙሪያውን ደርድረውበታል። ዝናብ የመታቸው ተሰንጥቀው ጥቁር ውሃ ወደ ጎመኑ ሥር ያወርዳሉ። ጎረቤታችን ኤልያቄም፣ ለቡ ድረስ እየሄደ የሚገነባው ግንበኛ፣ በአጥር አንገቱን አስግጎ ሳቀ።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ እንዲህ ያለ መሠረት ጥዬ አላውቅም!»

«አንተ ጴንጤ፣ ጎመኑን ስትበላ መቼ እንዲህ አልክ?»

የሚፈሰው መርዝ እንደሆነ፣ ጎመኑም እንደማይበላ ነገርኳቸው። ድንጋይ እንዳይፈጅም ዝግጅቱ ሲያልቅ እንዲዘጉት ለመንኳቸው። እሺ አሉ።

በማግስቱ ግን ሬዲዮው በአፋርኛ ይጮኻል። ሄድኩ።

«አፋርኛ ይሰማሉ እንዴ፣ እትዬ?»

«ከየት አውቄ?»

«ታዲያ ለማን ነው የተከፈተው?»

ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለእናንተ ነው» አሉ። «ዘበኛው ማሞ እዚህ አጠገባችን ባለው ቤት ብቻውን ሲሞት ማን ሰማ? አገሩ የሄደ መስሎን በተዘጋ በሩ ስናልፍ ስናገድም ከረምን። ሬዲዮዬ ከጮኸ ወርቄ አለች ትላላችሁ። ዝም ካለ በሬን ትሰብራላችሁ።»

የሚጮኸውን ሬዲዮ አየሁና አንድ ነገር መጣልኝ።

«እትዬ፣ ክፉ አያድርስና፣ እርስዎ ቢያርፉ ሬዲዮው እኮ አያውቅም። ድንጋዩ እስኪያልቅ ይጮኻል። እኛም አሉ ብለን እናልፋለን።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እመ ብርሃን! አዲስ ድንጋይ ባስገባሁ ማግስት ከሆነማ!» ሳቁ፤ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ተስማማን። ኤልያቄም ጠዋት ሥራ ሲወጣ ግድግዳውን ሊያንኳኳ፣ እሳቸው ሊመልሱ፤ ማታ ተራው የእኔ ሊሆን። ጎመኑን እየቆጫቸው ነቀሉት። የፈሰሱትን ድንጋዮች ለቅመን ክዳን ባለው ጣሳ አስገባናቸው። ጣሳው ወዴት እንደሚጣል ግን ማናችንም አናውቅም።

በመጀመሪያው ጠዋት ሬዲዮው ተዘግቶ ግቢው ጭር አለ። ኤልያቄም አንኳኳ። መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ። «እትዬ!» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። ኤልያቄም በሩን በትከሻው ሊገፋ ሲያፈገፍግ ከውስጥ ተከፈተ። እትዬ ወርቄ ውዳሴ ማርያማቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«ምን ሆናችኋል? እመቤቴን አቋርጬ ለእናንተ ልመልስ?»

ኤልያቄም ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። «ጌታ ይመስገን! ታዲያ ድምፅዎን አውጥተው አይጸልዩም? እኛ ቤት ጸሎት እስከ መንገድ ይሰማል።»

«የእናንተስ ጩኸት ነው» አሉት።

በማግስቱ ግን ግድግዳውን ማንም ሳያንኳኳ ጸሎታቸው በቆርቆሮው በኩል መጣ፤ ጮክ ያለ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ። ኤልያቄም አልፎ ሲሄድ ሰምቷል መሰለኝ፣ «በርቱ!» አለ። እኔም ጠዋት ጠዋት ሬዲዮዬን የምከፍተው እሳቸው ሲጨርሱ ነው።