ስርጉዱ ወዴት ገባ

የጎረቤቴ ልጅ ትዕዛዙ አዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ባትላሜራ ነበር፤ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጠ ያቃናል። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ወደ አገራችን ሞላሌ መጣ። ፈቃዱ የሚያበቃው ኅዳር ሃያ አራት፣ ሰኞ ነው። ያን ቀን ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ የአሮጌው የገብስ መውቂያ ወሬ ተነሣ። በደርግ ጊዜ ለአምራች ገበሬዎች የመጣ ነው፤ ማኅበራቸው ሲፈርስ ገደል ተንከባሎ ሆዱ ሰርጉዷል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን የሚዞረው ጥርስ ከላሜራው ጋር እየተያዘ ይቆማል። እኔም አፌ አያርፍ፣ የከተማ መዶሻ የእኛን ብረት አይችለውም አልሁ። ትዕዛዙ ብድግ ብሎ ጽዋው ፊት፣ መውቂያው ላይ አንድ ስርጉድ እያለ ከሞላሌ እንደማይወጣ ማለ። ግማሹን የማለው ጠላው ነው።

ሳምንት ሙሉ እሱ መውቂያው ሆድ ውስጥ ገብቶ መታ፣ እኔ በውጭ ብረት ደገፍሁ። አንዱ ስርጉድ ሲወጣ አጠገቡ ሌላው ድው ብሎ ይገባል።

«ጋሼ ውባየሁ፣ አሁንስ ወዴት ገባ?» ይላል ከውስጥ።

«ወደ በሩ። እንዳታመልጥ እየጠበቀህ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። መዶሻ የበዛበት ላሜራ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ አግለው በእርጥብ ጨርቅ ካላቀዘቀዙት አይሰበሰብም አለኝ። የጋዝ እሳት ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ለማምጣት ቢወጣ መሐላው ፈረሰ። እዚሁ ወናፍ ያለው ቀጥቃጩ ዳኜ ብቻ ነው። ያገራችን ሰው ማረሻውን በዳኜ ያሠራል፣ ቡዳ ነው ብሎ ደግሞ ከእጁ ውኃ አይቀበልም።

ዓርብ ማለዳ ትዕዛዙ ሄዶ ለመነው። ዳኜ ከመውቂያው ሆድ ሥር ፍም አናፍቶ ላሜራውን አቀላ፤ ትዕዛዙ እርጥብ ጨርቅ ጣለበት። ላሜራው ተንጫጭቶ ተወጠረ። ማታ ላይ አንድም ስርጉድ አልቀረም። ሁለቱ ላባቸውን ጠርገው ከአንድ ቅል ውኃ ጠጡ።

የቅሉ ወሬ ነው ከትዕዛዙ እናት ከወይዘሮ ጌታነሽ ጆሮ የደረሰው። ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ሰባት ቀን ጠበል ሳትጠመቅ ቤቴ አትገባም። ምርቃቴንም አታገኝም።»

እናቱን እንዲያግባቡልን መምሬ ገብረ አማኑኤልን ሄጄ ለመንሁ። ዳኜን ያጠመቁት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ቡዳ የሚባል ነገር እንደማያውቁ ነገሩኝ። የእናት ምርቃት ግን በእሳቸው እጅ አይደለም። ትዕዛዙም አባቱን በቀበረ በአርባ ቀኑ እናቱን አስቀይሞ መሄድ አልሆነለትም።

ሰኞ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በዚያ ውርጭ ከጠበሉ ሥር ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ጋቢውን ይዣለሁ። ከወደ ገበያው ጥሩምባ ተነፋ።

«ጋሼ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ነው?»

«ነፋስ ነው» አልሁት።