የኩሬው አራተኛ ምስክር

ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት ዓሣ አይተኛም። ቴኔ ይህን ከአያቷ የሰማችው ገና ጥርስ ሳታበቅል ነው ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም። ዓሣ በጨረቃ ብርሃን ሲበላ፣ ሲጋልብ፣ ሚስት ሲፈልግ ያድርና ጠዋት እንደ ሰርግ ቤት ሚዜ ዓይኑ እየተጨፈነ ጭቃው ውስጥ ይጋደማል። እንዲህ ሦስት ሌሊት ካደረ በኋላ ኩሬው ውስጥ የገባ ሰው፣ መረብ ባይኖረው እንኳ በቆቡ ጨልፎ ያወጣዋል።

«የዚያን ቀንማ ዶጎንም ያጠምዳል» ይላሉ አያቷ። ከዚህ የቀለለ ነገር በዓለም ላይ የለም ማለታቸው ነው። ዶጎኖች ከገደሉ አፋፍ ላይ ሽንኩርት የሚተክሉ ሰዎች ናቸው፤ ውሃ የሚያውቁት በማሰሮ ነው።

አያቷ ባካይና ካራቤንታ የታካይ ኩሬ የውሃ አባት ናቸው። በዓመት አንድ ቀን፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ መንደሩ በሙሉ መረቡንና ቅርጫቱን ይዞ ባንድ ላይ ኩሬው ውስጥ ይገባል። ቀኑን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ቀኑ ደርሶ በጥቁሩ ዘንጋቸው ውሃውን እስኪመቱ ድረስ መረብ መጣል ቀርቶ እግሩን የሚነክር የለም።

ቀን ለመቁረጥ ሦስት ምስክር ይጠራሉ። አንደኛዋ ጨረቃ ናት። ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ ደረቁ የምሥራቅ ነፋስ ፊቱን አዙሮ ከደቡብ እርጥብ እርጥብ መሽተት ከጀመረ፣ ዝናብ ከሦስት ቀን አያልፍም። ሦስተኛው ውሃው ራሱ ነው። ኩሬው መሃል የተተከለ ምልክት የተቆረጠበት እንጨት አለ፤ የአያቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ከዳር ቆማ ምልክቱን የምትቆጥርላቸው ቴኔ ናት። ትምህርት ቤት የሄደችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ እንጨቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ደግሞ ዘጠኝ ናቸው። ለዘጠኝ ምልክት ሦስት ዓመት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ቸኩለው ከገቡ ውሃው እስከ አንገት ነው፤ ዓሣው በእግር መሃል እየተሽሎከለከ ይስቅባቸዋል። ከዘገዩ ደግሞ ዝናቡ ኩሬውን ሞልቶ ከወንዙ ጋር ያገናኘዋል፤ ዓሣው ሣሩ ውስጥ ተበትኖ አሁንም ይስቅባቸዋል።

አምና ባካይና «አንድ ቀን እንታገሥ» አሉ። በዚያው ሌሊት ሰማዩ ተቀደደ። ዓመቱን ሙሉ መንደሩ ቅጠል እየቀቀለ በላ፤ ሴቶቹም የቅጠሉን ወጥ «የባካይና ወጥ» ብለው ስም አወጡለት። የወንድማቸው ልጅ ላሲን በሽማግሌዎች ፊት ተነስቶ «ዘንድሮም ከተሳሳቱ ዘንጉ ወደኔ ይምጣ» አለ። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። በዚያ አገር ሽማግሌ ዝም ካለ እሺ ብሏል። ላሲን ስለ ውሃ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሬዲዮው የነገረውን ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ሦስቱም ምስክሮች ቃላቸው አንድ ሆነ። እሑድ ሌሊት ጨረቃዋ ሞላች። ሰኞ ጠዋት ባካይና በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ወደ ደቡብ ቀስረው አሸተቱና «መጣ» አሉ። ቴኔም ከኩሬው ዳር ስትሮጥ መጥታ «ሁለት ምልክት ብቻ ቀርቷል አባባ! ውሃው እስከ ጭን ነው» አለች።

ሰኞ ከሰዓት መንደሩ ከሁመሩ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«ረቡዕ ጠዋት» አሉ ባካይና ዘንጉን መሬት ላይ ተክለው። ሴቶቹ እልል አሉ። ላሲን ሬዲዮውን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ከንፈሩን ነከሰ።

ይሄኔ ነው ከኋላ አንድ ድምፅ የተነሳው።

«ቆይ፣ ቆይ! እናንተ የዓሣ ሽታዎች!»

አምቤሬ ነበር፣ ዶጎኑ የሽንኩርት ነጋዴ። በአህያ ጋሪው አራት ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሰፊ ሱሪውን እየጎተተ መሃል ገባ።

«ረቡዕ ዓሣ ከያዛችሁ ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ውስጥ ተወሽቃችሁ ስታደርቁ ልትከርሙ ነው። ዓርብ ገበያዬ ላይ ማን ሊመጣ? ሽንኩርቴን ለአህያዬ ላብላው?»

«አብላው!» አሉ አንዲት አሮጊት። «ከሁለታችሁ የሚገባው እሱ ነው!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቦዞ የሚባሉት የመንደሩ ዓሣ አጥማጆችና ዶጎኖች የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነው። ቴኔ ለሌላ ጎልማሳ ሁሉ አንቱ ስትል ለአምቤሬ ግን አንተ ነው የምትለው፤ አንቱ ብትለው «ምን በደልኩሽ?» ይላታል። አንዱ የሌላውን ዕቃ ቢነጥቅ ሌብነት አይደለም፤ የተነጠቀውም መቆጣት አይችልም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ አንዱ በአደባባይ የጠየቀውን ሌላው እምቢ አይልም። እምቢ ያለ ሆዱ ያብጣል ይባላል። ሆዱ ያበጠ ታይቶ አያውቅም፤ እምቢ ያለ ሰው የለማ።

አምቤሬ ሳቁ ሞቅ አደረገው። እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«በዘመድነታችን አምላክ! የአምቤሬ ገበያ ሳይቆም አንድ ቦዞ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዳይነክር!»

ሳቁ ከፊት ተጀምሮ ወደ ኋላ ሲሄድ መሃል ላይ ሞተ። ሰዎች ወደ ባካይና ዞሩ። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አንዴ ወደ ደቡብ አሸተቱ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ ጥርሳቸው ብቻ ፈገግ ብሎ፣ «እሺ፣ አንተ ሽንኩርት» አሉ።

ላሲን ሬዲዮውን ዘጋው። ከዚህ በላይ የሚሰማው ጥሩ ዜና አልነበረም።

ማታ ባካይና ራታቸውን አልነኩም።

«ዝናቡ መቼ ነው አባባ?» አለች ቴኔ።

«ረቡዕ ከሰዓት።»

«ይንገሩታ! ዓርብ ድረስ አይቆይም ይበሉት!»

«የቀልድ ዘመድ ይለመናል እንዴ? ከለመንኩትማ ቀልዱ ጠብ ሆነ። አያቶቻችን ያሰሩትን እኔ ለአንድ ኩሬ ብዬ ልፍታው?» ዘንጉን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ላሲን ረዥም ነው፤ ዘንጉ ያጥርበታል።»

ቴኔ የአያቷን እጅ አየችና ጥርሷን ነከሰች።

ማክሰኞ ጠዋት አምቤሬ ካደረበት ዳስ ሄደች። ሽንኩርቱ ላይ ተጋድሞ ማሽላ ያላምጣል።

«እንዴት አደርክ፣ አንተ የድንጋይ ልጅ?»

«ደህና ነኝ፣ የእንቁራሪት እህት። ዛሬ ምን ልትሰርቂኝ ነው?»

«ካንተ ምን ይሰረቃል? ይልቅ ስማኝ፤ ነገ ከሰዓት ይዘንባል። አንተ ዓርብ ስትል አያቴ ዘንጉን ለላሲን ሊያስረክቡ ነው።»

አምቤሬ ማላመጡን አቆመ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ውይ! እኔ እኮ ለሳቁ ነው! ለምን አልነገረኝም?»

«ላንተ? አያቴ ላንተ ሊለማመጡ?»

«ልሂድና ቃሌን ልመልሰው…» ብሎ ተነሳና መልሶ ቁጭ አለ። ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ልመልሰው አልችልም። በዘመድነት አምላክ ብያለሁ። ቃሉን የመለሰ ሆዱ ያብጣል።»

«አብጦ የለ እንዴ፤ ከዚህ በላይ የት ሊደርስ ነው?»

«አትቀልጂ!» አለ አምቤሬ፤ የሳቀው ግን እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ መልሶ አዘነ። ባካይናን ይወዳቸዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰዳድበዋል።

በዚያ መሃል ላሲን በዳሱ ፊት አለፈ። እጁ ላይ ገመድ አለ፤ ከትከሻው እስከ መሬት እየለካ ነው።

«ምንድን ነው የሚለኩት፣ አጎቴ?» አለች ቴኔ።

«ዘንግ ለያዥ ቁመት ልክ መሆን አለበት። ደግሞ ሬዲዮው እስከ አሥር ቀን ዝናብ የለም ብሏል፤ አያትሽ እንዲያው ነው የሚጨነቁት» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ቴኔ ንዴቷን የምትወጣበት ሰው ፈለገች። አምቤሬ ቅርብ ነበር።

«ደግሞ ገበያ ይለዋል! ያንተ ገበያ ምን አለው? ሦስት ድንጋይና አንድ ውሻ! ለዚያ ነው መንደር የሚራበው?»

አምቤሬ ደረቱን ነፋ። በሌላ ይሰደብ፤ በገበያው ግን አይሰደብም።

«አንቺ አፈ ጤፍ! አባቴ ሲነግድ ድንጋዩም ውሻውም አልነበሩም። አምና ጎርፍ መንገዱን ሲቆርጠው ገበያው የት ቆመ? አህያዬ የደከመው ቦታ ላይ! የአምቤሬ ገበያ የአምቤሬ ሽንኩርት የወረደበት ነው። እኔ ሽንኩርቴን አውርጄ አንድ ሰው ከተከራከረኝ ገበያ ቆመ፣ አለቀ!»

ቴኔ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ ገጠመችው።

«ምነው? አሸነፍኩሽ?» አለ አምቤሬ ደስ ብሎት።

«አሸነፍከኝ» አለች ቴኔ፤ ተነስታም ሄደች። አምቤሬ እስከ ማታ ድረስ «ምን ሆነች?» እያለ ሲጨነቅ ዋለ። ያሰበችውን ለእሱ አልነገረችውም። ካወቀ ቀልዱ ቀርቶ ማጭበርበር ሊሆን ነው።

ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ጋሪው ከዳሱ ጠፋ። አህያው የቦዞ ልጅ ስትነዳው ትንሽ አንገራገረ፤ ግን እሷ ሽንኩርት በላች፣ እሱም በላ፣ ተስማሙ። ቴኔ አራቱንም ጆንያ ኩሬው ዳር፣ ከውሃው አሥር እርምጃ ራቅ አድርጋ አወረደች። ጆንያውን ፈታ ሽንኩርቱን በምንጣፍ ላይ ክምር ክምር አደረገችው። ከዚያ በየቤቱ እየሮጠች በር ደበደበች።

«ገበያ ቆመ! የአምቤሬ ሽንኩርት ኩሬው ዳር ነው! ድስት ያላችሁ ኑ፣ ለውዝ ያላችሁ ኑ፣ ምንም የሌላችሁ ለመከራከር ኑ!»

ሴቶቹ ነገሩ የገባቸው እሷ ሳትጨርስ ነው። አንዷ ጨው፣ አንዷ ለውዝ፣ አሮጊቷ ደግሞ እጀታው የተሰበረ ድስት ይዘው ወጡ። መረባቸውን ግን ማንም አልረሳም፤ በጀርባቸው አዝለውታል።

አምቤሬ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ሽንኩርቴ! አንቺ የአዞ ልጅ፣ ሽንኩርቴን!»

«ተቆጣህ?» አለች ቴኔ።

«አልተቆጣሁም!» አለ ቶሎ፣ ሆዱን እየዳበሰ። «እንዲያው እየጮኽኩ ነው!»

«ነጋዴ ይጩህ እንጂ፤ ይጩህ! ይሄ ምንድን ነው፣ አምቤሬ?»

አምቤሬ ክምሩን አየ። ሴቶቹን አየ። ድስቱን አየ። ከክምሩ ኋላ ያለውን ኩሬ አየ። ፊቱ ላይ ሳቅ ከአንድ ጆሮ ተነስቶ እስከ ሌላው ደረሰ። ጋሪው ላይ ዘለለ።

«ሽንኩርት! የገደሉ ሽንኩርት! ዓሣችሁን ሰው የሚበላው በዚህ ነው!»

ላሲን ሰው እየገፋ ደረሰ። «ይሄ ገበያ አይደለም! ተንኮል ነው! ገበያ ዓርብ ነው፣ ገደሉ ሥር ነው!» ብሎ ጮኸ። ይጮህ እንጂ ዓይኑ ክምሩ ላይ ነው፤ ስስታም መሆኑን መንደሩ ያውቃል። «ስንት ነው ይሄኛው?»

«ሃምሳ ፍራንክ» አለ አምቤሬ።

«ሃምሳ?! ለዚህ? ግማሹ እኮ በስብሷል! ሃያ!»

«አርባ አምስት፣ ለፊትህ ስል።»

«ሃያ አምስት! አንድም አልጨምርም!»

ላሲን ሽንኩርቱን ጨብጦ እጁን ወደ ኪሱ ሲከት ነው ሁሉም እንደሚያዩት ልብ ያለው። ቀና አለ። መንደሩ በሙሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ፣ እሱን ነው የሚያየው።

«ገዢውም ተገኘ፣ ተከራካሪውም ተገኘ» አለች ቴኔ። «አምቤሬ፣ ገበያህ ቆሟል ወይስ አልቆመም?»

«በአባቴ አጥንት ቆሟል!» አለ አምቤሬ። «እንዲያውም እንዲህ ያለ ደረቅ ገዢ ገደሉ ሥር አይገኝም!»

ባካይና እስካሁን በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቴኔ የሚያለቅሱ መስሏት ስትሮጥ ደረሰች፤ እየሳቁ ነው። ወደ ውሃው ተራመዱ። አፍንጫቸውን ወደ ደቡብ አንዴ ቀሰሩና ጥቁሩን ዘንግ ከፍ አድርገው ውሃውን መቱት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በወግ የሚናገር የለም። መንደሩ እንዳለ ኩሬው ውስጥ ወደቀ። ዓሣው ሦስት ሌሊት ያልተኛ ዓሣ ነውና ቅርጫት ሲደፋበት «ምንድን ነው?» እንኳ አላለም። ሴቶች ይጮሃሉ፣ ሕፃናት ጭቃ ይበላሉ፣ አሮጊቷ እጀታ በሌለው ድስት ሦስት ቆሮሶ አወጡ። አምቤሬ ከዳር ሆኖ ሲሳደብ አራት ሴቶች በእጅና በእግሩ አንጠልጥለው ወረወሩት። ውሃው እስከ ጭን ብቻ ቢሆንም «ሰመጥኩ! ልጆቼን አደራ!» እያለ በቂጡ ቁጭ አለ። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ።

«ከሥሬ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።»

ሱሪው ውስጥ ገብቶ የተገኘው አምባዛ ክንድ ያህል ነበር። ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ አንድ ሰውና አንድ ዓሣ ቢያስገባ ምን ይገርማል?

«ብዬ አልነበር?» አሉ ባካይና እንባቸውን እየጠረጉ። «የዚህን ቀን ዶጎንም ያጠምዳል!»

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቅርጫት ቤት ሲገባ የመጀመሪያዋ ጠብታ የቴኔን አፍንጫ መታች። ከዚያ ሰማዩ እንደ አምናው ተቀደደ። ላሲን በረንዳው ላይ በሃያ አምስት ፍራንክ ሽንኩርቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮው በዝናቡ ጩኸት መሃል «ቀጣዮቹ ቀናት ደረቅ ይሆናሉ» እያለ ነው። ላሲን ገመዱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ባካይና ዘንጉን ከበሩ አጠገብ፣ ከድሮ ቦታው መልሰው አቆሙት። አምቤሬ የደረቀ ሱሪ ተውሶ፣ የሳቸው ሱሪ ነውና ከጉልበቱ በላይ ቀርቶበት፣ አምባዛውን በገዛ ሽንኩርቱ እየበላ ነው።

«ለከርሞ» አሉ ባካይና፣ «ቴኔ፣ ምስክሮቹን ቁጠሪልኝ።»

«ጨረቃ፣ ነፋስ፣ ውሃ።»

«እ?»

ቴኔ አምቤሬን አየችው። አፉ ሞልቶ ቅንድቡን አነሳ።

«አምቤሬ የት እንዳለ» አለች።

«አዎ» አሉ ባካይና። «በመጀመሪያ እሱን ነው የምናየው። ጨረቃማ ቢያንስ አትናገርም።»